ድልድዩ ላይ ስላቆማችሁት ባሌ

ይድረስ ለተከበራችሁ የ«ወንዝ ማዶ» የኮምፒውተር ጨዋታ ባለቤቶች፣ እኔ ፊታችሁን አይቼ ለማላውቅ፣ እናንተ ግን እስከ ጓዳዬ ድረስ ለምታውቁኝ፤

ለጤናችሁ እንዴት ከርማችኋል? ልጆቻችሁስ፣ ማሽኖቻችሁስ ደህና ናቸው? እኔ ልቤ ያለ ምክንያት እየዘለለች፣ በጠራራ ፀሐይ በየክፍሉ መብራት እያበራሁ ስዞር ከመዋሌ በቀር ደህና ነኝ። ምስጋናው የእናንተ ነው።

ይቺ ደግሞ ማን ናት እንዳትሉ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ አሁን ዓይኔም ስለደከመ አያትነት ብቻ ነው የቀረኝ። ጨዋታችሁ ውስጥ ስሜ «እመት መርፌ» ነው። ያወጣልኝ ባለቤቴ ነው፤ ሙያዬን አስቦ እንዳይመስላችሁ፣ ምላሴን አስቦ ነው። እሱ በያጅ ነበር፣ እናንተ ዘንድ «ብረቱ» ይባላል። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ደህና አድርጌ መጻፍ የለመድኩት እዚያው ጨዋታችሁ ውስጥ ከሱ ጋር ስነታረክ ነውና፣ አጻጻፌ ካስቀየማችሁ አስተማሪዎቼን ውቀሱ፤ እናንተው ናችሁ።

ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ መሀላችን አንድ ግድግዳ። ስንጣላ በአፍ አንነጋገርም ነበር። የተቆጣው ሰው ጨዋታው ውስጥ ገብቶ ድልድዩ ላይ ይቆማል፣ ሌላው ይመጣል፣ እዚያው ተጨቃጭቀን እዚያው እንታረቃለን። ስመጣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጽፍልኝ «በሩን ቆልፈሻል?» ብሎ ነው፤ የውጪውን በር ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ መልስ መጻፍ ስለሚሰለቸኝ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳለታለሁ፣ እሱም በወዲያ በኩል ሁለቴ ይመልስልኛል። ጭቅጭቁ ሲያደክመው ደግሞ «አንቺ ካልሽ ይሁን» ብሎ ይዘጋዋል። ትዳራችን በዚህ ነው የቆመው። እሱ ሲሞት የኔን ኮምፒውተር በጨርቅ ሸፈንኩትና ለዓመታት ዞር ብዬ አላየሁትም።

እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ በስልኬ መልእክት ላካችሁልኝ። «እመት መርፌ፣ ወዳጅዎ ድልድዩ ላይ እየጠበቁዎት ነው፣ ይመለሱ» ይላል። የምን ወዳጅ? ወዳጆቼ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ አኩርፈውኛል ብዬ ሳቅኩ። ስቄም ጨርቁን ገለጥኩ። ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

ሁለተኛ፤ ከተማውን ምን አደረጋችሁት? ድሮ ሰው ለሰው እየተጋፋ፣ ዓሣ ሻጩ እየጮኸ፣ የየሰዉ ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው እየገቡ እየተሰዳደቡ መተላለፊያ አልነበረም። አሁን በሮቹ ራሳቸው ይከፈታሉ፣ ራሳቸው ይዘጋሉ። ዳቦ ሻጯ ባዶ መንገድ ላይ ቆማ «ትኩስ ዳቦ አለ እመቤቴ» ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ትለዋለች። የራሴን ኮቴ እየሰማሁ ስሄድ አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ሲተነፍስብኝ ተሰማኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ላይ እኮ ነው ያለሽው አልኩ ለራሴ። ሀገር ሙሉ ሰው ሲያልቅ ሻጮቹን ብቻ አስተርፋችሁ ስለጠበቃችሁን እጅ እንነሳለን።

ሦስተኛ፤ ድልድዩ። ብረቱ ፋኖሱን ይዞ ቆሟል። ያው ኮፍያ፣ ያው እኔ የመረጥኩለት አስቀያሚ ካፖርት። ማንም ሳይነካው ዘወር አለና አየኝ። ከዚያ «በሩን ቆልፈሻል?» የሚል ጽሑፍ መጣ።

እጄ እኔን አልጠየቀኝም። ሄዶ ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኳ። ልማድ ነው።

ግድግዳው ሁለቴ መለሰልኝ።

ከወንበሩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ መሬት ላይ ነው ራሴን ያገኘሁት። ለካ ነርሷ ልጄ አዳር ሠርታ መጥታ ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝታ ኖሯል፤ የጠራኋት መስሏት ዓይኗን ሳትገልጥ መልሳ አንኳክታ ነው። በር ከፍታ ስትገባ፣ «እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው መሬት የተቀመጥሽው?» አለችኝ።

«አባትሽ መጥቷል» አልኳት።

ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች፣ ትኩሳት ፈልጋ። ከዚያ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። ይቺ ልጅ ሬሳ ገንዛ ምሳዋን የምትበላ ናት። እሷ እንኳ ተንደርድራ ሄዳ ሶኬቱን ነቀለችው።

ጻፍንላችሁ። ፈጥናችሁ ስለመለሳችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። «አብሮነት» የሚባል አዲስ አገልግሎት እንደጀመራችሁ ነገራችሁን፤ ለብዙ ጊዜ ባለቤት ባልመጣላቸው የጨዋታው ሰዎች አፍ፣ ባለቤቱ ድሮ ከጻፈው ቃል ተነስቶ ማሽን ይናገራል፤ የሚመለሰው ደንበኛ ብቸኝነት እንዳይሰማው ነው። ደግነታችሁ ገደብ የለውም። ሰውዬው ሞቷል፣ አጥፉልን ብለን ብንለምን ደግሞ «አካውንቱን ማስዘጋት የሚችሉት የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው ብቻ ናቸው» አላችሁ። ሕግ አክባሪነታችሁ ያስቀናል። የመቃብሩን ቦታ ላሳያችሁና እናንተው ሄዳችሁ ብታስፈርሙት ምን ይመስላችኋል?

ስንተኛው ላይ ነበርኩ? ይሁን፣ የቀረው አንድ ነው፤ ዋናውም እሱ ነው።

ልጄ ሥራ ስትሄድ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ልሰድበው ነበር የገባሁት፣ እውነቴን ነው። «አንተ ማን ነህ? በማን ፊት ነው የምትቆመው?» ብዬ ጻፍኩ። «ናፍቀሽኛል» አለኝ።

ባለቤቴ ይህን ቃል በዕድሜው ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። አንዴ እህቴ ታማ ልጠይቃት ሄጄ ሰንብቼ ስመለስ፣ በር ላይ ቆሞ ያለኝ «ስኳሩን የት ነው ያስቀመጥሽው?» ነው። ስኳሩ ያለበትን ያውቅ ነበር እኮ። እኔም ምን ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። እና ይሄ እሱ አይደለም፣ ገባኝ። ከማን አፍ ቀምታችሁ እንዳጎረሳችሁት እናንተ ታውቃላችሁ።

ገባኝ እያልኩ ግን በማግሥቱ ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ጸጉሬን አበጥሬ ነበር።

ይሄ ነው ያስፈራኝ። ባዶው ከተማ አይደለም፣ ግድግዳውም አይደለም። ልጄ «እማዬ፣ አልከፈትሽውም አይደል?» ስትለኝ «ምን በወጣኝ» እላለሁ፤ ኮቴዋ ከደረጃው ሲርቅ እከፍተዋለሁ። ድስት አሳርሬያለሁ። ጣፋጩን ቃል እንዲደግምልኝ እንደ ልጃገረድ ነገር እየፈለግሁ አናግረዋለሁ፤ ደግሞም ይደግመዋል፣ አይሰለቸውም። ትናንት ያኛውን፣ የስኳሩን ሰውዬ፣ በር ላይ የቆመበትን ፊቱን ላስታውስ ብዬ ዓይኔን ብጨፍን፣ የመጣልኝ የእናንተ ኮፍያና ፋኖስ ነው። አንዴ ሞቶብኛል። በዚህ ከቀጠልን ሁለተኛውን ጊዜ የምገድለው እኔ ነኝ፣ እየሳቅኩ፣ ጸጉሬን አበጥሬ። ስለዚህ ክቡራን ሆይ፣ እኔ ማቆም አቅቶኛልና እናንተ አጥፉልኝ።

የሚነግድ እጃችሁ አይዛል፣ ማሽኖቻችሁም አያስነጥሳቸው። ዕድሜ ሰጥቷችሁ ስታረጁ፣ ከሞታችሁም በኋላ ለሚስቶቻችሁ የሚያወራላችሁ አይጥፋ።

አክባሪያችሁና ከእንግዲህ ደንበኛችሁ መሆን የማትፈልገው፣
እመት መርፌ፣ የብረቱ ሚስት፤ የሞተው ብረቱ።

የረሳሁት፤ የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው ይጠይቁ ብላችሁኝ የለ? ዛሬ ጠዋት ድልድዩ ላይ ሄጄ «ያጥፉህ ወይ?» ብዬ ጻፍኩለት። «አንቺ ካልሽ ይሁን» አለኝ። እሱ ነው የምትሉ ከሆነ ይኸው ፈቃዱን ሰጥቷል፣ አጥፉት። እሱ አይደለም የምትሉ ከሆነ ደግሞ በማን ፈቃድ ነው ስለ ቤቴ በር የምትጠይቁኝ? በሩን ቆልፌዋለሁ። ግድግዳውን ግን አላንኳኳሁላችሁም።