የተመረቀው መሣሪያና ያልታየችው አልጋነሽ

ለተከበሩ ጓድ የሆስፒታላችን አስተዳዳሪ
አዲስ አበባ፣ ኅዳር 1983 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? የክረምቱ ብርድ አልፎ የኅዳር ፀሐይ ወጥታለችና ደህና እንደ ሰነበቱ ተስፋ አለኝ። ምናልባት አንድ ቀን ቢያምዎ እንኳ የሚመረመሩበት መሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ የተመረቀ፣ ሪባኑ የተቆረጠ፣ ባለሙያውም ከቦታው ያልተነሣ እንዲሆን ከልቤ እመኝልዎታለሁ።

እኔ የሺዓለም እምሩ እባላለሁ። የሠራተኛ ሠፈር ነዋሪ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ስሜን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ በጳጉሜን ወር በቴሌቪዥን ከእርስዎ ጎን የታየውን ሆዴን ግን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ ፈቀደ ፒያሳ ከጫማ መሸጫው ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ዜናውን አይቶ፣ “ፊትሽን ብልጭ አድርገው አጠፉት፤ ከዚያ ወዲያ ሆድሽና አስተዳዳሪው ብቻ ነበሩ” ብሎኛል። ለዚህ ክብር ሳላመሰግንዎ መቆየቴ ስላሳፈረኝ፣ ምስጋናዬን አላፊ አግዳሚውም እንዲያነበው ጽፌ በሆስፒታልዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያው አመሰግናለሁ። በእናቱ ማህፀን ያለን ሕፃን ሳይወጋና ሳይቆርጥ በስክሪን የሚያሳየው አልትራሳውንድ በግንቦት ወር ከወዳጅ አገር በእርዳታ ከመጣ በኋላ፣ ክረምቱን በሙሉ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሲያርፍ ከርሟል። እኛ ነፍሰ ጡሮች ከክፍሉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ስንጠብቅ፣ መሣሪያው ገና ስላልተመረቀ ሊሠራ እንደማይችል በትሕትና ይነገረን ነበር። ጽንስ ግን የአብዮት በዓል እስኪደርስ ብሎ እድገቱን የማያቆም፣ ዲሲፕሊን የጎደለው ፍጥረት ሆኖ አስቸግሮናል።

አልጋነሽን ያወቅኋት እዚያ ወንበር ላይ ነው። የአፍንጮ በር ልጅ ናት፤ ከእናቷ ደጃፍ ላይ ከሰልና ሽንኩርት ትቸረችር ነበር። እርግዝናዋ የመጀመሪያዋ ነው። አዋላጅ ነርሷ ሆዷን ደጋግማ ዳስሳ የሕፃኑ ጭንቅላት ወዴት እንደሆነ ስላልለየላት በመሣሪያው እንዲታይ አዝዛላታለች። እኔ የታዘዘልኝ አልፎ አልፎ ደም ስለሚታየኝ ነበር። እኔ ስፈራ እሷ ትስቃለች። በበሩ መስታወት ቀዩን ጨርቅ አጮልቃ እያየች፣ “ያረገዝነው እኛ ነን ወይስ እሱ? ከኛ ይልቅ የተሸፋፈነው እሱ እኮ ነው” ትለኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። በምረቃው ዕለት ጠዋት ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብለው አንድ በአንድ ተመለከቱን። ተራው የአልጋነሽ ነበር። እርስዎ ግን የተጣፈ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ “መምህርቷ ትሁን፤ ለካሜራ እሷ ትሻላለች” አሉ። የቀሩት ከበዓሉ በኋላ እንዲመለሱ ታዘዘ። አልጋነሽ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ እያስተካከለችልኝ፣ “ሂጂ፣ ግድ የለም። የኔን መቼ እንደሚያዩልኝ ግን ሳትጠይቂልኝ እንዳትወጪ” አለችኝ። እንደ አደራዋ ጠይቄዎት ነበር፤ ያን ጊዜ ከጋዜጠኛ ጋር እየተነጋገሩ ስለነበር ሳይሰሙኝ እንደ ቀሩ እገምታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥነ ሥርዓቱ ድምቀት አመሰግናለሁ። ሆዴ ተገልጦ ቀዝቃዛ ቅባት ከተቀባ በኋላ፣ የክብር እንግዳው፣ አጃቢዎቻቸው፣ ባለ ካሜራዎቹና ለምን እንደ መጡ ያላወቅኋቸው ብዙ ባለ ካኪ ልብስ ጓዶች አልጋዬን ከበው ቆሙ። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው፣ ለዚሁ ሥራ ውጭ አገር ተልኮ የተማረው ሐጎስ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር። በስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው። ቆይቶ በጭጋጉ መካከል አንዲት ነጥብ ስትከፈትና ስትዘጋ አየሁ። “ልቡ ናት” አለኝ ሐጎስ በሹክሹክታ። ያን ጊዜ፣ ጓድ አስተዳዳሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎንም እንግዳዎንም ረስቻችሁ ነበር። በውስጤ የሚገፋኝ ነገር ሰው መሆኑን ያን ቀን በዐይኔ አይቼ አመንሁ።

ቀጥሎ የሕፃኑ እጅ ከፍ ሲል ታየ። የክብር እንግዳው ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ጓዶች፣ ተመልከቱ! ገና ሳይወለድ ክንዱን አንሥቷል! ይህ የነገ ወታደራችን ነው!” አሉ፤ ክፍሉም በጭብጨባ ተናወጠ። ጭብጨባው ሳያባራ ሐጎስ የመሣሪያውን እጀታ ከእምብርቴ ወደ ታች አወረደ፤ እዚያም ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ወደ እርስዎ ጠጋ ብሎ፣ “ጓድ፣ እንግዶቹ ለአንድ አፍታ ይውጡልኝ፤ ለእናትየዋ የምነግራት ነገር አለኝ” ሲልዎ፣ እርስዎ ፈገግታዎን ሳያጥፉ፣ “ፕሮግራሙ ላይ የለም” አሉት። ንግግሩ ቀጠለ። እኔም ሆዴን ገልጬ፣ ዐይኔን ሐጎስ ፊት ላይ ተክዬ፣ ምን አይቶ እንደ ደነገጠ ሳላውቅ ስለ ሰፊው ሕዝብ የጤና ድሎች እስከ መጨረሻው አዳመጥሁ። እንባዬን መግታት አልቻልሁም። በማግሥቱ ጋዜጣው ፎቶዬን አውጥቶ “በደስታ እንባ የታጠበች እናት” ብሎ ጽፏል፤ ስለ አገላለጹ ውበት ለጋዜጠኛውም ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

እንግዶቹ ወደ ኬኩና ወደ ለስላሳው ሲሄዱ መሣሪያው ቀይ ጨርቁን መልሶ ለበሰ። ውጤቴን ብጠይቅዎ፣ “ከበዓሉ በኋላ ይነገርሻል፤ አሁን ሄደሽ ዕረፊ” ብለው አሰናበቱኝ።

አራተኛ፣ የሆስፒታልዎን የሥራ ሥርዓት ስለ ጣሰው ስለ ሐጎስ አመሰግናለሁ። ከበር ወጥቼ ጥቂት እንደ ተራመድሁ ነጭ ጋውኑን አውልቆ እየሮጠ ደረሰብኝ። “መምህርት፣ ልብዎን ጠንከር አድርገው ይስሙኝ” አለኝ። “ልጁ ደህና ነው። እንግዴ ልጁ ግን ከታች ተኝቶ የማህፀኑን በር ዘግቶታል። በምጥ ልውለድ ቢሉ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ፤ የሚገላግልዎ ኦፕራሲዮን ብቻ ነው። ከባድ ነገር አያንሡ። ደም ከፈሰሰዎ ሌት ተቀን ቀዶ ሐኪም ወዳለበት በቀጥታ ይሂዱ፤ እዚህ መጥተው ተራ አይጠብቁ።” ይህን ሲነግረኝ ግራና ቀኙን እያየ ነበር።

ፈቀደ የዚያኑ ዕለት ከጎረቤታችን ከሽኩር ጋር ተነጋገረ። ሽኩር በአሮጌ ሴይቼንቶ ታክሲ የሚተዳደር ሰው ነው፤ ከቤንዚን ራሽኑ ላይ ቀንሶ ለእኛ ብሎ አስቀመጠ። የመስቀል በዓል ባለፈ ሰሞን፣ ጠዋት ፀጉሬን ስበጥር ደሙ መጣ። እንደ ቀድሞው ጠብታ አልነበረም። ፈቀደና ሽኩር በአንሶላ ጠቅልለው፣ ተሸክመው ታክሲው ውስጥ አስገቡኝ፤ ሽኩር እስክንደርስ ድረስ እጁን ከጥሩምባው ላይ አላነሣም። ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለፈቀደ፣ “ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ለሁለቱም አልደርስላቸውም ነበር” ብሎታል። የነገው ወታደር ሴት ሆና ተወለደች፤ የክብር እንግዳውን ትንቢት ስላላከበረች በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሐጎስ ግን ያለ ፈቃድ ለታካሚ መረጃ ሰጥተሃል ተብሎ ድንበር ላይ ወዳለ፣ ኤሌክትሪክ እንኳ ወዳልገባበት ክሊኒክ መዛወሩን ሰማሁ። መሣሪያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ባለመኖሩም ክፍሉ እንደገና ተቆልፏል። ተመርቆ የተቆለፈ መሣሪያ ሳይመረቅ ከተቆለፈው ምን ያህል እንደሚሻል ለማስረዳት ለጊዜው ቃላት አጥሮኛል።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ለዚህ ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም።

ከአራስ ቤት እንደ ወጣሁ ልጄን ታቅፌ አልጋነሽን ፍለጋ አፍንጮ በር ሄድሁ። ወልዳ እንደ ሆነ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት፣ ልጆቻችንን ጎን ለጎን አስተኝተን ልንስቅ ነበር ሐሳቤ። ደጃፋቸው ላይ የፈረሰ ድንኳን ችካሎች የተነቀሉባቸው ጉድጓዶች ገና አልተደፈኑም። ከሰልም ሽንኩርትም አልነበረም። እናቷ እትዬ ዓለምጸሃይ ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው፣ “የቴሌቪዥኗ ነሽ? ስላንቺ ታወራኝ ነበር” አሉኝ።

ከበዓሉ በኋላ አልጋነሽ ወደ ሆስፒታልዎ ደጋግማ ሄዳለች። በሄደች ቁጥር ዘበኛው፣ “ባለሙያው የለም፤ ሌላ ቀን ነይ” እያለ መልሷታል። ምጧ ሲመጣ ሕፃኑ በወርድ ተጋድሞ ኖሮ፣ ቀድሞ የወጣው እጁ ነው። የሠፈር ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ሆስፒታል ቢያደርሳትም እሷም ልጇም አልተረፉም።

እትዬ ዓለምጸሃይ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሳያለቅሱ ነው። ጨርሰው ልጄን ከእጄ ተቀበሉና አናቷን አሸተቷት፤ አቅፈዋትም ብዙ ቆዩ። “አንቺን ያየ መሣሪያ የኔን ልጅ ለምን አላያትም?” ብለው ጠየቁኝ። መምህርት ነኝ፤ ጥያቄ መመለስ ሥራዬ ነው። ይህኛው ግን በእርስዎ ቢሮ ሥር ያለ ጉዳይ በመሆኑ ጥያቄውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፌልዎታለሁ፤ መልስዎን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ያድርሱልኝ፤ ቤታቸው ከአፍንጮ በር ታክሲ ማቆሚያ ሩቅ አይደለም።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። ሐጎስን ወደ ቦታው ይመልሱት። ክፍሉንም ይክፈቱት፤ ወንበሩ ላይ ዛሬም ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ለካሜራ የሚሆኑም የማይሆኑም።

በደብዳቤ መጨረሻ ማን እንደሚቀድም መጻፍ የአገሩ ልማድ ነውና፣ እኔም ልማዱን ሳላጓድል፣ ለአመራርዎ ካለኝ የጠለቀ አክብሮት፣ ሪባን ለሚቆርጠው እጅዎ ካለኝ አድናቆት፣ ለማይዛነፈው ፕሮግራምዎም ካለኝ ፍርሃት ጋር፣

ነፍሰ ጡሮች ይቅደሙ! እላለሁ።

የሺዓለም እምሩ
የአንዲት ልጅ እናት

በድጋሚ፦ ይህን ደብዳቤ ማን እንደጻፈው ለማጣራት ሰዎችዎ ላይ ታች ሲሉ እንዳይደክሙ ስሜንም ሠፈሬንም በግልጽ አስፍሬያለሁ። ሊወስዱኝ የሚላኩት ጓዶች ግን ሲመጡ በሩን ቀስ ብለው እንዲያንኳኩ ይንገሩልኝ፤ ልጅቷ እንቅልፏ ስስ ነው፣ ጡት ሳላጠባትም አልወጣም።