አጋዘን የማይበላው የድንጋይ ሽበት

ጥር 4

በዓለም የዲኤንኤ መዝገብ ውስጥ የለም... የእኔ የድንጋይ ሽበት የለም። እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳልልሽ ጀመርኩ፣ ደብተሬ።

ታማራ ኢግናቲየቭና ከፒተርስበርግ ደወሉ። ነሐሴን እኛ ድንኳን ሰንብተው፣ ከየድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን ሽበት ሲለቅሙ የከረሙት ተመራማሪ። “ራይሳ፣ ዲኤንኤውን አነበብነው። ሱቅ ዕቃ ላይ እንዳለው ባርኮድ በይው። መዝገቡ የሚመስለውን አላገኘም።” እንዴት ያገኛል? የእኛን የአጋዘን እረኞቹን በረዷማ ሜዳ፣ ቱንድራን፣ ማን አጥንቶት ያውቃል?

በዓይን አጋዘኖች ከሚግጡት ከሌላው ነጭ ሽበት አይለይም። ግን በጡጦ ያሳደግናት አጋዘን ስትቀምሰው ትተፋዋለች። ይህን ያሳየችኝ እማዬ ናት። ታማራም “አዲስ ከሆነ የእናትሽን ስም ይይዛል” ብለው ነበር። ሐድኔ... የእማዬ ስም።

ለእማዬ ነገርኳት። “ድንጋይ ላይ የበቀለ ነገር ስሜን ምን ያደርግለታል?” አለች። ሻሿን አስተካከለችና፣ “መቼ ነው የሚሰየመው?”

ግን በአንድ ናሙና ብቻ አይታመንም አሉ። ናሙና ያለባቸውን የቀሩትን ሁለት ፖስታዎችም ያነባሉ።

ጥር 7

ምነው ባላስታወስኩ። የመጀመሪያውን የነቀልኩት ታማራ አጠገቤ ቆመው ነው። ሁለቱን ግን ብቻዬን፣ እንደ ልማዳችን... ደረቅ ሽበት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ውሃ አርከፍክፈን ነው የምንነቅለው። “ደረቁን ብቻ” ብለውኝ ነበር። እጄ ግን የለመደውን አደረገ። እርጥቡን በወረቀት ጠቀለልኩት።

ሻግቶ ይሆን? ሻጋታም የራሱ ዲኤንኤ አለው አሉ፤ ከሻገተ የሚነበበው የእሱ ነው። ልንገራቸው?

ጥር 8

አልነገርኳቸውም።

ጥር 11

ለወንድሜ ለያድኮ ነገርኩት። ባልነገርኩት ይሻል ነበር። “እህት ዓለም፣ ሻጋታ አግኝተሽ በእማዬ ስም ልታስጠሪው?” ሳቀ። እማዬ አልሳቀችም። ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች እኮ።

ጥር 13

ደወልኩ። ለታማራ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። እሳቸውም፦

“ምነው ያን ዕለት ብትነግሪኝ?”

“እፍረት ያዘኝ። ደግሞ ውሃ ባላርከፈክፍበት ዱቄት ነበር የማመጣልዎት።”

ሁለቱም ሻጋታ ሆነው ወጥተዋል። ባልደረቦቻቸው “እንግዲያው የመጀመሪያውም ስህተት ነው” እያሉ ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ ሌላ ካልተገኘ ይሰረዛል። “በረዶው እስኪቀልጥ ደግሞ ሰኔ ነው” አሉ።

እኔም፦ “አጋዘኖቹ በረዶ ቆፍረው ለመብላት ሰኔን ይጠብቃሉ እንዴ?”

ምን ብዬ ነው እንዲህ ያልኩት?

ጥር 16

ከያድኮ ጋር ወጣን። መንጋው በረዶውን በኮቴው ቆፍሮ የጋጠበትን ጉድጓድ አንድ በአንድ አየን። አሥር ጉድጓድ፣ ባዶ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ያድኮም ቀልዱን ተወ። ከዚያ በአንዱ... ዙሪያው ሁሉ ተግጦ ያቺ የማትበላዋ ሽበት ብቻ ቆማለች። አፍንጫቸውን አስጠግተው ትተዋት ሄደዋል።

ውሃ አላስነካሁም። ከነድንጋዩ በቢላ ፈለጥኩ። ብርዱ ራሱ አድርቋታል። ሌሎች አራት ጉድጓዶችም ተገኙ፤ ከአምስት ጉድጓድ አምስት ፖስታ። “አጋዘን የተፋውን ሰው ሲለቅም...” አለ ያድኮ፣ ግን ፖስታውን የያዘልኝ እሱ ነው።

ሐሙስ በሄሊኮፕተር ይላካል።

የካቲት 2

ታማራ አልደወሉም።

የካቲት 9

ዛሬም። እማዬ ስለሱ መጠየቅ ትታለች። ይሄ ነው የባሰው።

የካቲት 19

አምስቱም አንድ ናቸው። ከመጀመሪያውም ጋር አንድ፤ እንግዲህ አዲስ ነው፣ የእማዬን ስም ይይዛል። ታማራ “መቶ ዓመት በዓይን ስናየው ያልለየነውን መንጋሽ ለየው” አሉኝ። አለቀስኩ መሰለኝ... ለእማዬ ስነግራት፣ “ታዲያ እኔ ስነግርሽ አልነበረም?” ብላ ሻይዋን ጠጣች። ከዚያ ግን ሻሿን አስተካከለች።

ከእንግዲህ ስሳሳት የዚያኑ ዕለት እናገራለሁ። ጻፍኩት፤ አበቃ።

ታማራም ይመጣሉ። ያድኮ አጋዘን ያርዳል። የእረኞች የአጋዘን እሽቅድምድም ሲያልቅ፣ እማዬ ድንኳን ድግስ አለ። ከወንዙ ማዶ ያሉትም ይምጡ፣ “ሻጋታ” ያሉኝም ይምጡ፣ ከፊት አስቀምጣቸዋለሁ። ቅዳሜ፣ መጋቢት 20።