ቅቤ የጠጣ ፒያኖ

ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ሰበታ

ዛሬም ስረግጥ ዋልኩ። የወተት እርባታው ጸሐፊ ነኝ ወይስ ወናፍ ነፊ? አሠሪዬ ማዳም ጣታቸው አብጦ ፒያኖ መጫወት ካቆሙ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ጥቅል ወረቀት ፒያኖው ውስጥ አስገባለሁ፤ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ ውስጡ ያለው ወናፍ ይነፋል፤ ቁልፎቹ ሰው ሳይነካቸው ይወርዳሉ ይነሣሉ። የጥንት ፈረንጅ ሙዚቃ። «ቀስ በል ወንዳፍራሽ፣ ብስክሌት አይደለም» ይሉኛል ዓይናቸውን ጨፍነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሌላ ደስታ የላቸውም እኮ...

ኅዳር 15

ማዳም ለጣታቸው ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ፒያኖውን ከፍቼ ብመለከት የወናፉ ቆዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እንደ ኮርቻ ቅቤ ቀባሁት። አማረበት።

ኅዳር 21

በጽዮን ቀን ጉድ ሆንኩ። አይጥ ወናፉን በልቶታል። ብረግጥ ትንፍሽ የለም። ቅቤ ቀብቶ ለአይጥ ማቅረብ... ምን ዓይነት ጅል ነኝ? ሲመጡ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?

ኅዳር 23

ዓለም ገና ሄጄ ኮርቻ ሠሪውን ኦቦ ዳዲን ለመንኳቸው። መጡ። አዩት። «ማል ጎቴ? ምን አደረግከው ልጄ?» ሳቃቸውን ዋጡ። ቅቤውን ጠራርገው ቀጭን የበግ ቆዳ በሙጫ ለጠፉበት። ውስጥ ግን ሌላ አሮጌ ልጣፊ አገኙ። «ይህ የአባቴ እጅ ነው» አሉ። ማን አሠራው? እሳቸውም አያውቁም።

ኅዳር 29

ነገ ይመጣሉ። ሞከርኩት፤ ይሠራል። እፎይ... ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ ሽታው ይለቃል መሰለኝ። ልናገር? ምን አስቸኮለኝ።

ኅዳር 30

ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ «ባሌ የሚወደውን ጥቅል አስገባ» አሉ። ረገጥኩ። ወናፉ በተነፈሰ ቁጥር የቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጥቅሉ እስኪያልቅ ላብ አጠመቀኝ። በቃ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት... ቅቤውን፣ አይጡን፣ ኦቦ ዳዲን።

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ባሌም ቀብቶት ነበር። ያኔም አይጥ በላው። እንዳላውቅበት ደብቆ አሠራው፤ ሽታውን ግን አላጣሁትም። ይነግረኛል ብዬ አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ሳይነግረኝ ሞተ።»

ፒያኖውን ዳበስ አደረጉት። «አንተ መደበቅ የቻልከው ለአንድ ጥቅል ብቻ።»

ሸክሜ ወረደልኝ። ሳይጠይቁኝ ሌላ ጥቅል አወጣሁ። ቀስ ብዬ ረገጥኩ።