የአትጠገብ መደብ

የካቲት 8 ቀን 1974፣ ሰኞ

ገበያው ደህና ነበር። ሰባት እንስራ፣ አስራ አንድ ድስት ሄደ። አንዱ እንስራ አፉ ላይ ተሸርፏል... ዞር አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ተሸጠ።

ጣይባ ከበርበሬዋ አጠገብ ሆና፣ "ከማን እንደምታመጪው እናውቃለን እኮ ከሪማ። የቱ ሼህ ዘንድ ዘይረሽ ነው እንዲህ የሚነሳልሽ?" አለች። ሳቅን። ከአትጠገብ እጅ ደሴ ላይ ማንም አይገዛም፣ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይላሉ። ከእኔ እጅ ይገዛሉ። ሸክላው ያው ነው።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። የአትጠገብ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በሐርቡ መንገድ ነው። የልጅ ልጄን ኡሙሰልማን አዝዬ ነበር፤ ዘጠኝ ወሯ። አትጠገብ ጭቃውን ታጥባ ተቀበለችኝ፣ ልጅቱ ትከሻዋ ላይ ተኛች። ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። አስራ ሁለት ዓመት ከዚያ ጣሳ ጠጥቻለሁ። ምን ሆንኩ? ቡዳ የሚባል ነገር የለም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"እትዬ፣ የምሥራች አለኝ" አለች።

የሴቶች ማህበሯ ሊቀመንበር ገበያነሽ መጥታባት ኖሯል። ለሴቶች ቀን ደሴ መድረክ ላይ ትወጣለች። ሴቶቹ ከተቀበሏት ሰኞ ገበያ ውስጥ የራሷ መደብ ይሰጣታል። እዚያው እጅ በማውጣት ይወሰናል።

"ከአንቱ አጠገብ ነው የምቀመጠው" አለች።

"ጥሩ ነው" አልኩ።

እሷ ራሷ ከሸጠች እኔ ምን እሸጣለሁ?

የካቲት 22፣ ሰኞ

ገበያነሽ መደቤ ድረስ መጣች። "ጓድ ከሪማ፣ አትጠገብን የሚያውቋት እርስዎ ነዎት። በበዓሉ ዳቦ በእጇ ታድላለች። መጀመሪያ እርስዎ ይቀበሉ፣ ሌላው ይከተላል።"

"እሺ" አልኳት። እሺ ማለት አያስከፍልም።

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

አትጠገብ ለሰኞ አረንጓዴ ቀሚስ አሰፍታለች። ለብሳ አሳየችኝ። "ያምርብሻል" አልኳት። እውነትም ያምርባታል።

የካቲት 29፣ ሰኞ

የሴቶች ቀን። ገበያው እስከ ስድስት ሰዓት ዝግ። ያልመጣች ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አታገኝም ስለተባለ አዳራሹ ሞላ።

ገበያነሽ ስለ ጥንት ሴቶች አነበበች። አገር ስለገዙት፣ የዱዓ ቤት፣ ሐድራ ስላቆሙት። "ስማቸው ያልተጠራም አሉ" ብላ አትጠገብን አወጣቻት። አትጠገብ ፈራ ተባ አለችና፣ "እኔ ሸክላ ሠራሁ እንጂ ሰው አልበላሁም። የእኔ ወይ የእናቴ እንስራ የሌለበት ቤት ካለ እጅ ያውጣ" አለች። ማንም አላወጣም። ሳቁላት፣ በደግ ሳቅ። ያን ጊዜ ገባኝ... መደቡን ልታገኝ ነው።

ዳቦውን ይዛ ወረደች። ክርስቲያኖቹ ጾም ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም አሉ። እኛ እስላሞቹ ምን እንበል? ሁሉም እኔን አየ። አትጠገብ ፊቴ ቆመች። ኡሙሰልማ እቅፌ ውስጥ ሆና አወቀቻት፣ እጇን ዘረጋችላት።

የሻርፔን ጫፍ አንስቼ የልጅቱን ፊት ሸፈንኩ።

ሌላ ምንም አላደረግሁም። ጣይባ የልጇን ሸፈነች። ከኋላዬም... እስከ በሩ ድረስ፣ ልጅ የያዘች ሁሉ።

አትጠገብ ዳቦውን እንደያዘች ቀረች። ቀስ ብላ፣ "አንቱ?" አለችኝ። ይህንኑ ብቻ።

ለመደቡ ሦስት እጅ ወጣ። አንዱ የገበያነሽ። እኔ አላወጣሁም፣ ልጅ ታቅፌያለሁ።

መጋቢት 4፣ ቅዳሜ

ትሸጥልኝ ይሆን እያልኩ ወረድኩ። ሸጠችልኝ። ሌላ ለማን ትሸጣለች? ውሃም ሰጠችኝ፣ በዚያው ጣሳ። እስክጨርስ ቆማ አየችኝ።

"እንቅልፍ ይወስድዎታል እትዬ?"

"ይወስደኛል" አልኳት።

ይወስደኛል።

ሰኔ 7፣ ሰኞ

ያ መደብ ለእኔ ተሰጠ። ባዶ ከሚቀመጥ ተባለ።

የካቲት 26 ቀን 1975፣ ቅዳሜ

ማክሰኞ የሴቶች ቀን ነው። ገበያነሽ ከሊቀመንበርነቷ ተነስታለች። ዘንድሮ መድረክ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፣ በላቧ ያደረች ነጋዴ ተብዬ። አዲሷ ሊቀመንበር የማነበውን ጽፋ ሰጠችኝ። ሴት ሁሉ እኩል ናት ይላል። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ አልሳሳትም።

ዛሬ ኡሙሰልማን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አሁን ትሮጣለች። የአትጠገብ በር ላይ ስንደርስ ልጅቱ እጄን ለቀቀች። አትጠገብ ከጭቃው ቀና ስትል፣ ልጅቱ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ አንስታ ፊቷን ሸፈነች። ሆዷ ተራቁቶ ቆመች።

ማን አስተማራት? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ...

አትጠገብ ሳቀች። "አወቀች" አለች። እጇን ታጥባ ጣሳውን አመጣችልኝ።

ጠጣሁ። አስራ አምስት እንስራ አስጫንኩ። ልጅቱ መኪናው እስኪነሳ ድረስ ፊቷን አልገለጠችም።