ከደብረ ወርቅ ወዲህ

ጥቅምት 8
መብራት ጠዋት ብቻ ነበር። እንደ ምንም ሁለት የእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን ጨረስኩ። ጫጩት ፈላጊው በዝቷል... ከአሁኑ ፋሲካን የማያስብ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም።

ኔትወርክ ስትመጣ የቴሌግራም ግሩፓችንን ከፈትኩ። "ድር ቢያብር" ብለን ያቋቋምነው እኔና የሞጣው ኡበይዳ ነን። ሣጥኑ የኔ ሥራ፣ ሙቀት የሚቆጣጠረው ሰርኪትና ፕሮግራም የሱ። ማንም ወስዶ ይሥራ፣ ይሽጥ፤ ያሻሻለውን ግን ለሁሉም ያሳይ። ሕጋችን ይኸው ነው። ዛሬ ወይንእሸት ከየጥኖራ ፎቶ ለጥፋለች። ከእንቁላሉ ሥር የሰርዲን ቆርቆሮ በውሃ ሞልታ... ጫጩቱ ቅርፊቱ ላይ ደርቆ መሞቱ ቀረ አለች። ስንት የለፋሁበትን! ወዲያው አደረግኩት። ኡበይዳም እንደ ልማዱ፦ "አዲስ ዓይነት የሙቀት መለኪያ ሴንሰር የገዛችሁ አሳዩኝ፤ ፕሮግራሙን ላስተካክልላችሁ።" ይኼ ልጅ ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?

ጥቅምት 21
ገበያ ላይ የኡበይዳን መፈልፈያ አየሁ። ከኔ የረከሰ፣ ከኔ ያማረ። ቢቸና ድረስ መጥቶ! ደወልኩለት፤ ገበያዬ ውስጥ ምን አመጣህ ስለው ስሜን ጠርቶ መለሰ።

"ታዘበው ወንድሜ፣ አንተም ሞጣ አምጥተህ ሽጥ እንጂ! ማን ከለከለህ?"

ሳቀ። ሳቁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ኅዳር 3
በሕጋችን ከሄድን ጥፋት የለበትም። ይኼንንማ አላጣሁትም። ስለዚህ መሪጌታ ስጦታው ዘንድ ሄጄ "ድንበሬን ገፋ" አልኳቸው። እርሻ ሲያካፍል ለኖረ ሽማግሌ ሌላ ምን ይባላል? ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

ኅዳር 14
መሃል መንገድ ላይ፣ ደብረ ወርቅ ተቀመጥን። በኔ በኩል መሪጌታ፣ በሱ በኩል ሐጂ ይማም። ዋስ ጠራን።

"አባቶቼ፣ ይኼ የኔና የሱ ብቻ አይደለም" አለ ኡበይዳ። "የጥኖራም አምበርም ያሉ ሰዎች ይሠሩበታል። ባለቤቱ ሁሉም ነው።"

"ሁሉም ባለቤት የሆነበት መሬት አይተህ ታውቃለህ፣ ልጄ?" አሉት መሪጌታ።

የወል ግጦሽ አለ... አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

ተፈረደ። ከደብረ ወርቅ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ የሱ። ሌላው ሰው ያለ እኛ ፈቃድ አይሠራም። ጠብ እንዳይነሳ ዕቃም ምክርም ድንበር አይሻገር ተባለ። ምክሩን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ኡበይዳ ሐጂ ይማምን አያቸው። "የሽማግሌ ቃል አልረግጥም" ብሎ እጃቸውን ሳመ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

ኅዳር 16
ግሩፑን አጠፋሁት።

ታኅሣሥ 2
የጥኖራ ወረድኩ። ወይንእሸትን የሣጥን ሚስማር እየመታች አገኘኋት። ፍርዱን ነገርኳት፤ ከእንግዲህ መግዛት እንጂ መሥራት የለም።

"ቆርቆሮዋን ያሳየሁህ እኔ አይደለሁም?"

"ማን አሳዪ አለሽ?"

መዶሻዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ሌላ መተዳደሪያ እንደሌላት አውቃለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል።

ጥር 4
ሴንሰር አልቆብኝ ከደጀን አስመጣሁ። መልኩ ትንሽ ይለያል... ሴንሰር ሴንሰር ነው። ሠርቼ ሸጥኩ፤ የራሴንም ትልቁን ሣጥን በእንቁላል ሞላሁ።

ጥር 27
የእንቁላሎቹ መፈልፈያ ቀን አለፈ። አንድም ድምፅ የለም። አንዱን ሰበርኩ። ላባ አውጥቷል፣ ምንቃርም አለው። ሙቀት ገድሎታል። ሌላ ሰበርኩ። ያው። የገዙኝ ሰዎችም መጡ። አንዷ ሴትዮ የሞቱትን ደጄ ላይ ደርድራ ሄደች።

ኡበይዳ ጋ ደወልኩ። አነሳ! ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ሁሉንም ጠየቀኝ። ስለ ሴንሰሩ ነገርኩት።

"አውቀዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ቁጥር ነው" አለ። "ግን ዋስ ጠርቻለሁ። ሐጂ ይማምን አላሳፍርም።"

"ማን ይሰማል? ቁጥሯን ብቻ ንገረኝ!"

"ከደብረ ወርቅ ወዲያ እኮ ነኝ፣ ታዘበው።"

አልሳቀም። ምነው በሳቀብኝ...

ግሩፑ ላይ ጽፎት ይሆን ብዬ ስልኬን አወጣሁ። እኔው አጥፍቼዋለሁ ለካ። እንቁላሎቹን ጓሮ ቀበርኩ። ሣጥኑ ውስጥ የቀረው የወይንእሸት ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ትናንት የሞላሁት ውሃ ገና አልጎደለም።