ሻይዎን ስታመላልስ ከክፍል ስለቀረችው ልጄ

ለክብርት አብላ ኢግላል
የሰፈራችን የልጃገረዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት
ጣንጣ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አያስቸግርዎትም? ዓይንዎስ? በተለይ ጆሮዎ እንዴት ነው? ልጄ ቱቃ ኮሪደር ላይ ስትሮጥ ድምፁ እስከ ራስ ቅልዎ ድረስ እንደሚሰማዎት ስለነገሩኝ፣ ከሶላቴ በኋላ ለጆሮዎ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ብልክልዎ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ አንዱን ቅጂ በሱቄ መስታወት ላይ፣ ከተቆላው ሽምብራና ከሰሊጥ ጣፋጩ መካከል ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ሽምብራ የሚገዛ ሁሉ ያነበዋል፤ በጣንጣ ደግሞ ሽምብራ የማይገዛ ሰው የለም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሐሙስ ዕለት የደረሰኝ ማስታወቂያዎ ነው። ቱቃ ከብዙ ክፍለ ጊዜ ስለቀረች የዓመቱን ፈተና ከጓደኞቿ ጋር መውሰድ እንደማይገባት፣ የፊታችን እሑድም የትምህርት ቤቱ ጉባኤ ተሰብስቦ «ወደሚመጥናት ቦታ» እንድትዛወር እንደሚወስን፣ በጣም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተገልጾልኛል። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንግዲህ እሑድ ሳይደርስ እስከ ዛሬ ስለተደረገልን ደግነት ሁሉ ምስጋናዬን ላቅርብ ብዬ፣ እንዳይደባለቅብኝ በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስኳር የሰጡኝን ትምህርት አመሰግናለሁ። ቱቃ ወንበር ላይ የማትረጋው፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ወደ ሌላው የምትዘለው ለምን እንደሆነ ሐኪሞች ገና ሲያጠኑ፣ እርስዎ በር ላይ ቆመው አንድ ጊዜ አይተዋት ደረሱበት። «ስሚኝ የቱቃ እናት፣ አንቺ ጣፋጭ ትሸጫለሽ፣ ልጅቷ ስኳር ትልሳለች፣ ከዚያ ትቀብጣለች። ሱቁን ዝጊና ልጅሽን አሳድጊ!» አሉኝ። አማቴ ግን ምርመራዎን አልተቀበለችም፤ «የሰው ዓይን ነው እንጂ ምን ስኳር አመጣው! ደግሞ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ የት ነበር? ነጠላ ጫማ ነበረ፣ በቃ!» አለች። በሁለታችሁ ጥበብ መካከል ልጄ ከስኳር ትጹም ወይስ ከጫማ ትሽሽ ግራ ገብቷት ከረመች።

ሁለተኛ፣ የዶክተር ዊሳምን ወረቀት ስላኖሩበት ክብር አመሰግናለሁ። ዶክተሯ ልጄን ደጋግማ ካየች በኋላ፣ ይህ የትኩረት ማነስና ያለ ልክ የመቅበጥበጥ ችግር ነው፣ ስንፍናም ብልግናም አይደለም፣ ከታገዘች እንደ ማንም ትማራለች ብላ አንድ ገጽ ጻፈችልዎ። የፊት ወንበር ይሰጣት። ሥራዋን ከፋፍለው ይስጧት፤ በየመሃሉ ተነስታ ትንቀሳቀስ። ጥሩ ስትሠራ ያኔውኑ ያመስግኗት። ሲያዝዟት ደግሞ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ አጠር አድርገው፣ በስሟ ጠርተው፣ ዓይኗን እያዩ ይንገሯት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እውነት ነው፤ ስብሰባ ያልነበረዎት ዕለት ቢሮዎ ስገባ፣ ያ ወረቀት የሻይ ብርጭቆዎን ክብ ምልክት አጥብቆ ይዞ ጠረጴዛዎ ላይ አገኘሁት። ብርጭቆው ያረፈው «በስሟ ጠርተው» የሚለው ላይ ነበር።

ሦስተኛ፣ ወረቀቱን አላነበቡትም ብል ግን ሐሜት ይሆንብኛል። ከምክሮቹ አንዷን፣ «ትንቀሳቀስ» የምትለዋን፣ ከልብ ተቀብለዋታል። ዐም ፈረግ፣ ሻይ የሚያመላልሰውና የሚላላከው የትምህርት ቤቱ ሽማግሌ፣ ትምህርት ሲከፈት ጡረታ ወጣ፤ ምትክም አልተላከም። እንዲህ ባለው የጭንቅ ሰዓት፣ መንቀሳቀስ ያስፈልጋታል የሚል የሐኪም ማረጋገጫ የያዘች ልጅ ከሰማይ ወረደችልዎ። ጠመኔ ሲያልቅ ቱቃ፤ ከላይኛው ፎቅ አስተማሪ ሲጠራ ቱቃ፤ የአስተማሪዎቹ የፉል ሳንድዊች በር ላይ ሲደርስ ቱቃ፤ ሻይዎ ሲፈላ ቱቃ፣ ሻይዎ ሲቀዘቅዝ ቱቃ፣ ሌላ ሻይ ሲያምርዎ እንደገና ቱቃ። እሷማ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። «እማ፣ ዛሬ እኮ አብላ ኢግላል ‘የኔ ሮኬት’ አሉኝ!» እያለች ትመጣ ነበር። ማታ ተረጋግታ ትተኛለች፤ እኔ ሞኟም ትምህርት ቤቱ ልጄን ያዘልኝ ብዬ አለቀስኩ፤ ትልቅ ካርቶን የሰሊጥ ጣፋጭም ላክሁልዎ። ስኳሩን ፈርተው እንዳልተዉት ካርቶኑ ባዶውን ሲመለስ ተረዳሁ። ካርቶኑን ያመጣችልኝም ቱቃ ናት።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የስም መቆጣጠሪያውን ነገር ነው። አስተማሪዋ ስም ስትጠራ ልጄ የእርስዎን ብርጭቆ ይዛ ደረጃ ላይ ስለሆነች «ቀሪ» ተብላ ትጻፋለች። ከዚያ መዝገቡን ወደ ቢሮዎ የሚያመጣው ማን ይመስልዎታል? መቅረቷ የተጻፈበትን መዝገብ ራሷ ተሸክማ፣ በርዎን አንኳኩታ፣ በሁለት እጇ ስታቀርብልዎ ከረመች። እንዲህ በየቀኑ እየተገኘ የቀረ ተማሪ በመላው ግብጽ ይኖራል ብዬ አላምንም።

አራተኛ፣

አራተኛውን ረሳሁት። ደንበኛ ገባና ሽምብራ መዝኜ ስመለስ ጠፋኝ። ዶክተር ዊሳም «ይህ ነገር በዘር ይወርዳል» ስትል ለምን እኔን እኔን እንዳየችኝ አሁን ገባኝ። በእኔ ጊዜ ሐኪም አልነበረም፤ ማስመሪያ ነበር፣ መዳፌ ላይ። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ከአባቴ ሱቅ ገባሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚሁ ነኝ። ስለዚህ ቱቃ ሽምብራ ሻጭ ትሆናለች ቢሉኝ ስድብ አይሆንብኝም። ግን ከፈለገች ተምራ፣ በገዛ ፈቃዷ ትግባ እንጂ እንደ እኔ ተገፍታ አትገባም። አራተኛው ትዝ ሲለኝ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፣ ባለፈው ወር በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ልጄን ከፊት አቁመው፣ በድምፅ ማጉያ፣ «አያችሁ ልጆች፣ ይቺ ፍሬን የላትም! ፍሬን የሌለው ነገር የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ?» ብለው ስለሰጡት የመንገድ ደኅንነት ትምህርት አመሰግናለሁ። ተማሪዎችዎ ትምህርቱን በደንብ ይዘውታል። ከሩቅ ሲያይዋት «ሚኒባሷ መጣች! ዞር በሉ፣ ፍሬን የላትም!» ይላሉ። መጀመሪያ እሷም ጥሩንባ እየነፋች አብራቸው ትስቅ ነበር። ኋላ መሳቁን ተወች። በጣም ተናድጃለሁ፤ ጨዋነቴም እዚህች ላይ ሊያልቅብኝ ነው።

ይቅርታዎን እየለመንኩ ወደ ጨዋነቴ ልመለስ። እኛ በቤታችን ምን እንደምናደርግ ጠይቀውኝ ባያውቁም ልንገርዎት። ባለቤቴ ዓሹር ድሮ በአንድ ትንፋሽ «ጫማሽን አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ደብተርሽን አምጪ፣ ለአያትሽ ውሃ ስጪ» ይላት ነበር፤ እሷም አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላውን እንዳጠለቀች፣ መስኮት ላይ እርግብ ስታይ ትገኛለች። አሁን አንዱን ይነግራታል፤ ሲያልቅ ሁለተኛውን። የቤት ሥራዋን ከሱቁ ጓዳ፣ ከሽምብራ ጆንያዎቹ መካከል ነው የምትሠራው፤ ጥቂት ትሠራለች፣ ጆንያ ላይ ትዘላለች፣ ትመለሳለች። አማቴ እንኳ ነጠላ ጫማዋን እግሯ ላይ ትታ «ጎበዝ» ማለት ተምራለች፤ ጥርስ የሚነቅሏት ያህል ያማታል፣ ግን ትላለች። ሁልጊዜ አይሳካልንም። ሰኞ ዕለት የሒሳብ ደብተሯ ከሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ተገኘና ጮኽኩባት። ሆኖም የማባዛት ሠንጠረዡን ታውቀዋለች። እየዘለለች ከጠየቋት አንድም አትስትም።

ክብርት ሆይ፣ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። እሑድ ጉባኤው ሲቀመጥ፣ ልጄ ቀርታባቸዋለች የተባሉትን ክፍለ ጊዜዎች የት እንደዋለች ይንገሩልኝ። እኔ ብናገር እናት ናት ይሉኛል፤ እርስዎ ግን በዓይንዎ ያዩ ምስክር ነዎት። ፈተናውን ከጓደኞቿ ጋር ትፈተን፤ ከፊት ወንበር፣ መሃል ላይ ተነስታ አንዴ እንድትንቀሳቀስ ተፈቅዶላት። ከወደቀች ወድቃ ትምጣ፤ እኔው እቀበላታለሁ። ሳትፈተን ግን አትወድቅም። ምናልባት በዚያ ቀን ሻይዎ ቢዘገይ፣ ከሱቄ በራሴ እጅ ይዤ ለመምጣት ቃል እገባለሁ።

በቢሮዎ ምንጣፍ ላይ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ምንጣፉንም ባለፈው ሳምንት ማን እንዳራገፈው የማውቅ፣ ለጤናዎ፣ ለሹመትዎና ለጆሮዎ ሁልጊዜ የምጸልይ፣

ንዕማት፣ የቱቃ እናት
ሽምብራና ጣፋጭ ነጋዴ

በድጋሚ፦ አራተኛው አሁን ትዝ አለኝ። ሐሙስ ዕለት ማስታወቂያዎን አንብቤ፣ ምናልባት ከትምህርት ቤቱ እንደምትወጣ ስነግራት፣ ቱቃ አላለቀሰችም። እጇም እግሯም ቆመ። እንዲህ ተረጋግታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም፤ ቢያዩዋት ኖሮ ደስ ይልዎት ነበር። ከዚያ «እማ፣ እኔ ከሄድኩ ለአብላ ኢግላል ሻይ ማን ይወስድላቸዋል? አራት ስኳር እኮ ነው የሚፈልጉት፤ ደግሞ ካላማሰሉላቸው ይረሱትና መረረኝ ይላሉ» አለችኝ። እሑድ ጉባኤው ሲያበቃ መልሱን እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ አጠር አድርገው፣ በስሟ ጠርተው፣ ዓይኗን እያዩ።