ለባለቤቴ እንቅልፍ ዘብ የቆምኩ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ፣ እንደ እናትም እንደ እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ እትዬ።

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ተውሽ ወይስ ሐኪሙን ዛሬም በእሺታ ብቻ ነው የምትሸኚው? ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ ይታዘዙሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እኔ በተለይ ከናፍቆትሽ በቀር አንድም የሚያመኝ ነገር የለም፤ ጥርሴ እንኳ ሙሉ ነው።

ጡረታ የወጣ ወታደር ሥራ ሲፈታ ቶሎ ይሞታል፣ ከሚስትህ ጋር መላመድ ካቃተህ ጓዝህን ይዘህ እኔ ዘንድ ና ብለሽ የጻፍሽልኝን አንብቤ ብዙ ሰነበትኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳጥኔን እስከ መሸከፍ ደርሼ ነበር። አሁን ግን ቆርጫለሁና ከነምክንያቱ ስሚኝ።

እንደምታውቂው እኔ ዕድሜዬን በጦር ሰፈር ስጨርስ ይህን ቤት ያቆመችው ባለቤቴ ናት። እኔ በዓመት አንዴ ብቅ የምል እንግዳ ነበርኩ፤ እንግዳን ደግሞ ይስቁለታል እንጂ አይቆጡትም። ጠቅልዬ ስገባ ነገር ተለወጠ። አልጋውን እንደ ጦር ሰፈሩ ደንብ ወጥሬ ባነጥፈው ብርድ ልብሱ ውስጥ መግባት ትግል ሆነባት። የወጥ ቤቱን ዕቃ በቁመት አሰለፍኩት፤ ጨው ፍለጋ ቤቱ ታመሰ። ልጃችን ማንኪያዎቹ ፈቃድ የሚወጡት መቼ ነው እያለች ስታላግጥብኝ እናትየውም አብራ ትስቅ ነበር።

አዋላጅ መሆኗን መቼም አትረሺም። አንድ ቀን ጠዋት ከሌሊት ተራዋ ዓይኗ ቀልቶ መጣችና እህል ሳትቀምስ ጋደም አለች። አንጀቴን በላችው። በእኛ ደንብ ከጥበቃ የወረደ ሰው አይቀሰቀስም፤ የፈለገው ሰው ቢመጣ ዘቡ ይመልሰዋል። እኔም ደጃፉ ላይ ወጥቼ ዘብ ቆምኩላት። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ወጣቱ በያጅ እያለከለከ መጣ። ገና "ሚስቴ" ከማለቱ እጄን አንስቼ አስቆምኩትና፣ ባለቤቴ ዕረፍት ላይ ስለሆነች ማምሻውን እንዲመለስ አዘዝኩት። ድምፄን ታውቂዋለሽ። ልጁ ዞሮ ሄደ። ለካ ሚስቱ ምጥ ይዟታል።

ልጅቷ በአማቷ እጅ ወለደች፤ ደግነቱ እናትም ልጅም ተረፉ። ባለቤቴ ወሬውን ከጎረቤት ሰምታ፣ ሮጣ ሄዳ አይታቸው ተመለሰች። ብትጮህብኝ በወደድኩ፤ አልጮኸችም። ቁጭ አለችና "ሻምበል፣ ደጄ እንደተዘጋ ሰው ካወቀ ሁለተኛ የሚያንኳኳ የለም። ወይ ቤተሰብ ሁን፣ ወይ እህትህ ጋ ሂድ" አለችኝ። በማዕረጌ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሳጥኔን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ግን እትዬ፣ ወንድምሽ ሲሸሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? በነጋታው ማንም ሳያዘኝ በያጁ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። እናቱ የስድብ ናዳ አወረዱብኝ። በውትድርና ዘመኔ ሁሉ እንዲያ ያለ ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥ ብዬ ቆሜ አስጨረስኳቸው። ሲደክማቸው ወንበር ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ በራችን ሲንኳኳ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። እሷን ቀስቅሼ፣ ጫማዋን እስክታደርግ ቦርሳዋን ይዤ እጠብቃለሁ፤ መንገድ ላይም ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ሰፈርተኛው "ጓዝ ተሸካሚው ሻምበል" ይለኛል፤ ይበለኝ። እሷ ስትገባ እኔ ደጅ ከባልየው ጋር እቀራለሁ። የሚያደርገው ጠፍቶት ሲንቆራጠጥ ውኃ አስቀዳዋለሁ፣ ግቢ አስጠርገዋለሁ። የፈራ ወንድ ማረጋጋት ዱሮም ሙያዬ ነበር። ባለቤቴም፣ ምጡስ ቀላል ነበር፣ የሚያስቸግሩኝ ባሎቹ ነበሩ ማለት ጀምራለች። ከእሷ አፍ ይኼ ትልቅ ኒሻን ነው።

ባለፈው ሳምንት እንዲሁ ደጅ ቆሜ ሳለሁ ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ። እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። ዕድሜ ልኬን ሰው ሲሄድ ስሸኝ ኖርኩ፤ ሲመጣ መቀበል ለእኔ አዲስ ነው።

እንግዲህ ለባልሽ ሳሉን እንዳይንቀው ንገሪልኝ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ታናሽየውን ፀጉርህን ተቆረጥ፣ አጎትህ አዟል በይው። ያቺን ደግ ጎረቤትሽንም እንደምን ነሽ በይልኝ።

ትናንት ይህን ልጽፍልሽ ስቀመጥ ባለቤቴን፣ "እህቴ ና ብላኛለች፣ ምን ልበላት?" አልኳት። ቦርሳዋን አቀበለችኝና "ሥራ ላይ ነኝ በላት" አለችኝ።

ወንድምሽ
ከገዛ ቤቴ፣ እሑድ ኅዳር 9 ቀን